ኤልኢዲ የስቶፕ አምፖል ከአንድ የጅማ ክረምት በኋላ

ሞተር ሳይክሌ ላይ ኤልኢዲ የስቶፕ አምፖል (ፍሬን ሲያዝ ከኋላ የሚበራውን) ያስገባሁት ሰኔ ላይ ነው። አሁን የቡና ለቀማው ደርሷል፣ አምፖሉ አልተቃጠለም። ለእኔ ትልቅ ነገር ነው፤ የድሮው ባለክር አምፖል በገጠሩ ኮረኮንች ቶሎ ቶሎ ይበጠስብኝ ነበር።

የድሮው 12 ቮልት፣ 21/5 ዋት የሚባለው ነው። ውስጡ ሁለት ክር አለው። ባለ 5 ዋቱ ማታ ለኋላ መብራት፣ ባለ 21ዱ ፍሬን ሲያዝ። ስለዚህ የኋላ መብራቱ እየበራ ስቶፑ ብቻ ሊጠፋ ይችላል፣ ብዙ ሰው «መብራቴማ ይሰራል» ብሎ የሚሸወደውም እዚህ ላይ ነው። ኤልኢዲው ክር ስለሌለው ንዝረት ብዙም አይጎዳውም። የሚበላው ኃይልም ትንሽ ነው። ባትሪዬ ደከም ባለ ጊዜ እንኳ አልፈዘዘም።

ግን አምፖል ስለተቀየረ ሁሉም ተፈታ ማለት አይደለም። ነሐሴ ላይ ከጅሬን ስወርድ አንድ ባጃጅ ክላክስ እያደረገ ደረሰብኝና «ወንድም፣ ስቶፕህ አይበራም!» አለኝ። እግዜር ይስጠው። ዳር ይዤ አየሁት። የእጁን ፍሬን ስይዝ ይበራል፣ የእግሩን ስረግጥ ዝም። በአንዱ ፍሬን ከበራ አምፖሉም ፊውዙም ደህና ናቸው፤ ችግሩ ያለው የሌላው ፍሬን ስዊች ላይ ወይም ወደ እሱ በሚሄደው ሽቦ ላይ ነው። የእግሩ ስዊች ፔዳሉ አጠገብ ነው፣ በቀጭን ሞላ የሚሳብ። ጎንበስ ብዬ ሳይ ሞላው በቀይ ጭቃ ተለውሶ ደርቋል፣ ፔዳሉ ሲወርድ ስዊቹን በደንብ አይስበውም። አጥቤ ዳዶውን አዙሬ ስዊቹን ትንሽ ከፍ አደረግኩት፣ አሁን ገና እግሬን ጣል ሳደርግ ይበራል። ከልክ በላይ ከፍ ካደረጋችሁት ግን ፍሬን ሳትይዙም በርቶ ይቀራል። እሱ ከመጥፋቱ አይሻልም፣ ከኋላችሁ ያለው ሹፌር መቼ እንደምትይዙ በምን ያውቃል?

በሁለቱም ፍሬን እምቢ ካለ ከፊውዙ ጀምሩ። ቀጥሎ አምፖሉን አውጥታችሁ ቤቱን እዩት። በዝናብ ውሃ ይገባበትና ይዝጋል፣ ቁልፉን አጥፍቶ በብርጭቆ ወረቀት ቀስ ብሎ መፈግፈግ ይበቃል። ስትመልሱት በግድ አትግፉት። የአምፖሉ ሁለት ጆሮዎች ከፍታቸው እኩል ስላልሆነ በአንድ አቅጣጫ ብቻ ነው የሚገባው። የማሳ ሽቦውንም (ከሞተሩ ብረት ጋር የሚያያዘውን) ነካ ነካ አድርጉ፣ እሱ ከላላ አንዴ በርቶ አንዴ ይጠፋል።

አሁን ቅሬታዬ። የኋላ መብራቱ መስታወት ቀይ ከሆነ ቀይ ኤልኢዲ ነው የሚያዋጣው፤ ነጩ ብርሃኑን ቀዩ መስታወት ስለሚያስቀርበት ደብዘዝ ይላል። የእኔ ቀይ ነው፣ ከሩቅ ጥርት ብሎ ይታያል። ችግሩ ታርጋው ነው። በብዙ ሞተሮች ላይ ታርጋውን የሚያበራውም ይሄው አምፖል ነው፣ በስር ባለችው ነጭ መስኮት በኩል። ቀይ ካስገባችሁ ታርጋው ማታ በቀይ ይበራል፣ ለማንበብም ያስቸግራል። ወደ ታች ነጭ፣ ወደ ኋላ ቀይ የሚያበራ ዓይነት አለ፤ ቀጣዩ የምገዛው እሱን ነው። ስትገዙ ባለሱቁ ባትሪ ላይ አድርጎ ሁለቱንም ብርሃን ያሳያችሁ፣ የማታውንም የፍሬኑንም። ልዩነታቸው በቀን ብርሃን ካልታያችሁ አትክፈሉ።