ባለ 5 ኪሎው ኮኮፒት፦ ሁለት ብሎክ ጨርሼ ያየሁት

የምኖረው ቢሾፍቱ ነው። ግቢዬ ውስጥ የቃሪያ፣ የበርበሬና የቲማቲም ችግኝ አፈላለሁ። የሚገዙኝ የሰፈር ሰዎችና ጥቂት ገበሬዎች ናቸው። ለዓመታት የጫካ አፈር፣ ኮምፖስትና አሸዋ እየቀላቀልኩ ነበር የምሠራው። ጥር መግቢያ ላይ ግን አዲስ አበባ ካለ አንድ የግብርና ዕቃ መደብር ባለ 5 ኪሎ የኮኮፒት ብሎክ ገዛሁ። ከዚያ ወዲህ ሁለት ጨርሻለሁ። ዋጋውን አልጽፍም፤ ከውጭ የሚገባ ዕቃ ስለሆነ እኔ ራሴ ሁለቱን በሁለት ዋጋ ነው የገዛሁት።

ከጥሩው ልጀምር። ኮኮፒት ከኮኮናት ልጣጭ የሚወጣ ብናኝ ነው፤ አብዛኛው ከህንድና ከስሪላንካ ነው የሚመጣው። ደርቆና ተጨምቆ እንደ ጡብ ሆኖ ይሸጣል። 30 ሊትር ያህል ውሃ ሳፈስበት ተነፋፍቶ ባለ 20 ሊትሩን ባልዲ ሦስት ጊዜ ተኩል ሞላልኝ። ባለ 200 ቀዳዳ የችግኝ ማፍያ ትሬይ 15 ያህል ወጣው። ቀላል ነው፣ የአረም ዘር የለበትም። ችግኙን ከትሬዩ ስነቅለው ሥሩ ሳይበጠስ ኮኮፒቱን እንዳቀፈ ይወጣል። ከአፈር ጋር ሲነጻጸር ይሄ ትልቅ ነገር ነው፤ ገበሬው ማሳ ላይ ሲተክለው ቶሎ ይይዝለታል።

አሁን ወደ ችግሩ። በመጀመሪያው ብሎክ ማረቆ ፋና በርበሬና ሮማ ቲማቲም ዘራሁ። ብቅለቱ ጥሩ ነበር። የመጀመሪያዎቹ ሁለት የዘር ቅጠሎች አረንጓዴና ወፍራም ሆነው ወጡ። እውነተኛው ቅጠል ሲመጣ ግን ነገሩ ተበላሸ። የበርበሬው አዲስ ቅጠል እየተጠማዘዘ፣ ጫፉ ቡናማ እየሆነ መጣ። የቲማቲሙ ደግሞ የታችኛው ቅጠል በደም ሥሮቹ መሃል ቢጫ ሆነ።

መደብሩ ደወልኩ። ልጁ ፎቶ እንኳ ሳያይ «ማዘር፣ ማዳበሪያ አንሷቸው ነው፤ ዩሪያ በጥብጠው ይስጧቸው» አለኝ። ሰጠሁ። በአራተኛው ቀን ከበርበሬው ሩቡ ጠወለገ። በዚህ መደብር ቅር ያለኝ እዚህ ላይ ነው። ዕቃ የሚሸጥ ሰው ሁሉንም ማወቅ አይጠበቅበትም። ግን ሁለት ጥያቄ መጠየቅ ይችል ነበር፦ የታመመው የቱ ቅጠል ነው፣ የላይኛው ወይስ የታችኛው? ኮኮፒቱንስ በምን አጠብሽው?

የጎረቤቴ ልጅ አበባ እርሻ ነው የሚሠራው። መጥቶ አየና «እትዬ፣ ዩሪያውን ለጊዜው ይተዉት። መጀመሪያ ጨውን እንለካ» አለኝ። ከትሬዩ ላይ እፍኝ ኮኮፒት አንስቶ ጨመቀውና የወጣውን ውሃ በኢሲ ሜትር ለካው፤ ውሃ ውስጥ የሟሟ ጨው የሚለካ መሣሪያ ነው፣ ቁጥሩ (ኢሲው) ከፍ ካለ ጨው በዝቷል ማለት ነው። 2.4 አለ። የማጠጣበትን ውሃ ብቻውን ስንለካው 0.4 ነው። ዩሪያ ደግሞ ኢሲን እምብዛም አይጨምርም። ስለዚህ ጨው የመጣው ከኮኮፒቱ ነው ማለት ነው። ያልበቀለ ዘር ያለበትን፣ ዩሪያ ያልነካውን ትሬይም ለካነው፤ እሱም ከዚያ ብዙም አይርቅም። ለጨቅላ ችግኝ ይሄ ብዙ ነው። በርበሬ በተለይ ጨው አይችልም።

ማሸጊያው ላይ «የታጠበ» ይላል። የታጠበ ማለት ግን በካልሲየም የተዘጋጀ ማለት አይደለም። ይህን ያኔ አላውቅም ነበር። ኮኮናት የባህር ዳርቻ ዛፍ ነው። ልጣጩም ብዙ ጊዜ ጨዋማ ውሃ ውስጥ ይዘፈዘፋል። ስለዚህ ብናኙ ሶዲየምና ፖታሲየም ይዞ ይመጣል። ካልሲየም ስትሰጡት ለራሱ ያስቀረዋል፤ በምትኩ የያዘውን ሶዲየምና ፖታሲየም ይለቃል። ማግኒዝየምንም እንደዚሁ ይይዘዋል። ችግኙ እያበላችሁት ይራባል።

የቅጠሉ ምልክት ሁሉንም ይናገር ነበር። ካልሲየም ተክሉ ውስጥ ከገባበት ቦታ አይንቀሳቀስም። ሲያንስ የሚጎዳው አዲሱ ቅጠል ነው። ማግኒዝየም ግን ከአሮጌው ወደ አዲሱ ይሄዳል። ሲያንስ የታችኛው ቅጠል በደም ሥሮቹ መሃል ይገረጣል። ናይትሮጅንም ከታች ነው የሚጀምረው፤ ግን ቅጠሉ በሙሉ ነው የሚገረጣው። አዲሱ ቅጠል ቢጫ ሆኖ ደም ሥሩ ብቻ አረንጓዴ ከቀረ ብረት ነው። በስምጥ ሸለቆ አካባቢ ብዙ ቦታ ውሃው ባይካርቦኔት ስለሚበዛበት ብረት ኖሮም ሥሩ ላያነሳው ይችላል። ውሃ ሲበዛበትም ያው ነው።

አንድ የሚያሳስት ደግሞ አለ። በጥር ብርድ ቲማቲሜ ከቅጠሉ ሥር ወይን ጠጅ ሆኖ ነበር። ፎስፈረስ አነሰው ብዬ ልጨምር ስል የጎረቤቴ ልጅ ከለከለኝ። ማታ ማታ በላስቲክ ሸፈንኩት። በሳምንቱ አዲሱ ቅጠል አረንጓዴ ሆኖ መጣ። ሥር ሲበርደው ፎስፈረስ ማንሳት ያቅተዋል።

እርግጠኛ ያደረገኝ ግን በድሮው አፈር የዘራሁት አንድ ትሬይ ነው። ያው ዘር፣ ያው ውሃ፣ ያው ጥላ፤ ምንም አልሆነም። እባካችሁ ሁልጊዜ አንድ ትሬይ እንዲህ ለብቻ አስቀምጡ። ደግሞም ችግሩ በሁሉም ቀዳዳ እኩል ከታየ ከምግብ ወይም ከውሃ ነው። እዚህም እዚያም ከሆነ በሽታ ወይም ተባይ ፈልጉ።

ሁለተኛውን ብሎክ በሌላ መንገድ ነው የያዝኩት። በርሜል ውስጥ በንጹህ ውሃ ዘፍዝፌ አንጠፈጠፍኩት። ኢሲው ከ0.6 በታች እስኪወርድ ሦስት ጊዜ ደገምኩ። ከዚያ በ10 ሊትር ውሃ 20 ግራም ካልሲየም ናይትሬት በጥብጬ አሳደርኩበት። ጠዋት አንጠፍጥፌ አንድ ጊዜ በንጹህ ውሃ አለቀለቅኩት። እውነተኛው ቅጠል እስኪወጣ ውሃ ብቻ ሰጠሁ፤ የዘር ቅጠሉ ለዚያ ይበቃዋል። ከዚያ በሊትር ግማሽ ግራም ካልሲየም ናይትሬት፤ በማግስቱ ደግሞ ከነጥቃቅን ንጥረ ነገሮቹ የሚሟሟ ኤንፒኬ (ናይትሮጅን፣ ፎስፈረስና ፖታሲየም ያለው ማዳበሪያ)። ሁለቱን በአንድ ባልዲ ወፍራም አድርጋችሁ አትቀላቅሉ፤ ነጭ ዝቃጭ ሆኖ ከታች ይቀራል።

እኛ ዘንድ በየቦታው የሚገኙት ማዳበሪያዎች ዩሪያና ኤንፒኤስ (ናይትሮጅን፣ ፎስፈረስና ሰልፈር ያለው) ናቸው። ሁለቱም ካልሲየም የላቸውም። ለማሳ አፈር ችግር ላይሆን ይችላል፤ ለኮኮፒት ግን አይበቃም። ካልሲየም ናይትሬቱን ያገኘሁት ለአበባ እርሻ ከሚያቀርቡ ነጋዴዎች ነው። ኮኮፒቱን የሸጠልኝ መደብር ይህንንም ጎን ለጎን ቢይዘው ምን ነበረበት?

የተጎዳው ቅጠል አይመለስም። ስለዚህ መድኃኒቱ መሥራቱን በእሱ አትለኩ። ቀጥሎ የሚወጣውን ቅጠል ጠብቁ። እኔ ከመጀመሪያው ዙር የተረፉትን ደጋግሜ በውሃ አጥቤ ካልሲየም ሰጠኋቸው፤ በዘጠኝ ቀን ቀጥ ያለ ቅጠል አወጡ። ከሁለተኛው ብሎክ ግን አንድም የተጠማዘዘ አላየሁም።

ዕቃውን እንደገና እገዛለሁ፤ ገዝቻለሁም። ከአምስት አራት እሰጠዋለሁ። መደብሩን ግን ከሁለት በላይ አልሰጠውም፤ ሦስተኛውን የገዛሁት ከሌላ ቦታ ነው። እሱ አሁን በርሜሉ ውስጥ ነው። ዛሬ ጠዋት ስለካው 1.1 ላይ ነበር። ከሰዓት ሁለተኛውን ውሃ እቀይርለታለሁ።