ድሮፐር ከገጠምኩ ወዲህ ቁልቁለት እንዴት እንደምወርድ

በተራራ ብስክሌቴ ላይ ካስገጠምኳቸው ዕቃዎች ሁሉ አነዳዴን በጣም የቀየረው ድሮፐር ነው። ከፊቱ አሞርዛተርም፣ ከጎማውም፣ ከፍሬኑም ይበልጣል። ለማያውቀው ሰው፣ ድሮፐር ማለት ሳይወርዱ፣ እየነዱ መቀመጫውን ዝቅና ከፍ የሚያደርጉበት የመቀመጫ ቱቦ ነው። የእኔው በሽቦ የሚታዘዝ፣ 150 ሚሊሜትር የሚወርድ ነው። የምጽፈው ስለ ዕቃው ዓይነት እንጂ ስለ አንድ ኩባንያ ምርት አይደለም።

በመሪው ግራ በኩል፣ አውራ ጣት በቀላሉ የሚደርስበት ቦታ ላይ ትንሽ መጫኛ አለች። ተጭነው ሲቀመጡ መቀመጫው ይወርዳል፤ ጣትዎን ሲያነሱ ባለበት ይቆማል። እንደገና ተጭነው ብድግ ሲሉ ውስጥ ያለው የታመቀ አየር ወደ ላይ ይገፋዋል፣ ጫፍ ሲደርስም "ጧ" ይላል። ያቺን ድምፅ እወዳታለሁ፤ ዓይኔን ከመንገዱ ሳላነሳ መቀመጫው መመለሱን የምትነግረኝ እሷ ናት።

ለዳገት መቀመጫው ከፍ ማለት አለበት፤ ፔዳሉ ታች ሲደርስ ጉልበት ትንሽ ብቻ እስኪታጠፍ ድረስ። ቁልቁለት ላይ ግን ያው ከፍታ እንቅፋት ነው። ይህን ለመፍታት አሜሪካውያኑ ጆ ብሪዝና ጆሽ ኤንጄል እ.ኤ.አ. በ1984 "ሃይት ራይት" የተባለ ሞላ አውጥተው ነበር፤ ነጂው የመቀመጫውን ማጥበቂያ በእጁ ከፍቶ መቀመጫውን በክብደቱ ያወርዳል፣ ሞላው ደግሞ መልሶ ያነሳዋል። ድሮፐር አስፋልት ላይም ደርሷል፤ እ.ኤ.አ. በ2022 የስሎቬኒያው ብስክሌተኛ ማቴ ሞሆሪች ሚላን–ሳን ሬሞ የተባለውን የጣሊያን ውድድር ሲያሸንፍ የአስፋልት ብስክሌቱ ላይ ድሮፐር ገጥሞ ነበር፤ ተፎካካሪዎቹን ያመለጣቸውም በውድድሩ መጨረሻ አካባቢ ባለው የፖጆ ኮረብታ ቁልቁለት ላይ ነው።

ወደ ራሴ ልመለስ። ጓደኛዬ ከኋላ እየተከተለ የቀረጸኝ ሁለት ቪዲዮ አለኝ፤ አንዱ ድሮፐሩን ከማስገጠሜ በፊት፣ አንዱ በኋላ። ቦታው ያው ነው፤ ድንጋያማ መውረጃ፣ ከዚያ ወዲያው ጠባብ የግራ መታጠፊያ። በመጀመሪያው ቪዲዮ ክንዶቼ ሙሉ በሙሉ ተዘርግተዋል፣ ዳሌዬ ከኋላ ጎማው በላይ ነው፣ መታጠፊያው ላይ የፊት ጎማው ወደ ውጭ ሲሸሽ በግልጽ ይታያል። ከፍ ያለ መቀመጫ መሃሉን ስለሚይዘው ሰውነት የሚሸሽበት ቦታ ወደ ኋላ ብቻ ነው። ክብደት ወደ ኋላ ሲሄድ ደግሞ የፊት ጎማ መሬቱን በደንብ አይዝም። በሁለተኛው ቪዲዮ ዳሌዬ ከፔዳሎቹ በላይ ነው፣ ክርኖቼ ወደ ውጭ ታጥፈዋል፣ አገጬ ከመሪው በላይ ነው። ብስክሌቱ ከሥሬ ወደ ግራ ይጋደማል፣ እኔ ግን ከእሱ ጋር አልጋደምም። የውስጠኛው ጭኔ መቀመጫውን አይነካም። ብዙ ሰው ድሮፐርን የሚገዛው ወደ ኋላ ለመሸሽ እንዲመቸው ነው፤ ለእኔ ዋናው ጥቅሙ መሃል ላይ መቆየት ማስቻሉ ነው። ክብደቴ እግሮቼ ላይ ሲያርፍ እጆቼ ይላላሉ፤ እጆቼ ሲላሉ ደግሞ ብስክሌቱ ድንጋዩን ራሱ ያልፈዋል።

ድሮፐር የማይሠራልኝ ነገርም አለ። የቀኝ መታጠፊያዬ ከግራው አሁንም ያንሳል። ቀኝ እግሬን ከፊት አድርጌ መቆም ስለምወድ ዳሌዬ ወደ ግራ ለመዞር ዝግጁ ነው፣ ቀኙን ፔዳል ታች ማድረግም ይቀለኛል። ወደ ቀኝ ለመታጠፍ ግን ፔዳሉን ወደ ኋላ ሩብ ዙር መልሼ ግራ እግሬን ታች ማድረግ አለብኝ፤ ይህን ደግሞ መታጠፊያው ውስጥ ሳልገባ መጨረስ ያስፈልጋል። አሁን የማሠለጥነው እሱን ነው። ፍሬን መያዝም እንዲሁ ነው፤ ፍጥነትን መታጠፊያው ሳይደርስ መቀነስ የጣትና የዓይን ሥራ ነው፣ ማንም ዕቃ አይተካውም።

ብዙም የማይወራለት ሌላ ጥቅም አለው። ድንጋይ የበዛበት ዳገት ላይ መቀመጫውን ሦስት ሴንቲሜትር ያህል ብቻ ዝቅ አደርጋለሁ። ፔዳል መምታት ብዙም አይከብደኝም፤ ብስክሌቱን በሁለቱም ጎን ለማወዛወዝ ግን የሚበቃ ቦታ አገኛለሁ። በተራው ቱቦ ወርጄ የምገፋቸውን ቦታዎች አሁን ተቀምጬ እወጣቸዋለሁ።

ጉድለቱን ልንገራችሁ። ከጊዜ በኋላ መቀመጫው ሙሉ በሙሉ ከፍ ብሎ እንኳ ስቀመጥበት እንደ ስፖንጅ ትንሽ እየሰመጠ ይመለስ ጀመር። ውስጡ ያለው አየር ከዘይቱ ጋር ተቀላቅሎ ነበር፤ አየሩንና ዘይቱን የያዘው የውስጥ ክፍል፣ ካርትሪጁ፣ ሲቀየር ዳነ። መቀመጫው ዝቅ ባለበት ሁኔታ ብስክሌቱን በመቀመጫው ይዞ ማንሳት በብዙ ዓይነቶች ላይ ይህንኑ ችግር ስለሚያባብስ አይመከርም። ቀስ ብሎ የሚመለስ ከሆነ ደግሞ ካርትሪጁን ከመወንጀል በፊት ቱቦው የሚገባበትን የፍሬሙን (የብስክሌቱን አጽም) ማጥበቂያ አላሉት፤ ከልክ በላይ ሲጠብቅ ቱቦውን ይጨብጠዋል። ከእያንዳንዱ ጉዞ በኋላ የሚያብለጨልጨውን ቱቦ በንጹሕ ጨርቅ እጠርገዋለሁ፣ አሸዋ ቆሻሻ እንዳይገባ የሚከላከለውን ጎሚኒ ስለሚበላው። መቀመጫው ወደ ጎን በጥቂቱ ቢወዛወዝ ግን አትደንግጡ፤ የአሠራሩ ጠባይ ነው።

ከመግዛት በፊት ሁለት ነገር ይለካ። አንደኛው የቱቦው ውፍረት ነው፤ 27.2፣ 30.9፣ 31.6 ወይም 34.9 ሚሊሜትር ሊሆን ይችላል፣ ብዙውን ጊዜ አሁን ባለው ቱቦ ላይ ተጽፏል። ሁለተኛው ፍሬሙ ውስጥ ምን ያህል ጠልቆ እንደሚገባ ነው፤ የፍሬሙ ቱቦ መሃል ላይ ከታጠፈ ረጅሙ ድሮፐር አይገባም። መንገዱ ሜዳ ብቻ ለሆነ ሰው አልመክረውም፤ ክብደቱ ከተራው ቱቦ በብዙ ይበልጣል፣ በዚያ መንገድ ላይ ምንም አይመልስለትም። እኔ ቀጥሎ የማስገባው 170 ሚሊሜትር የሚወርደውን ነው። ለክቼዋለሁ፣ ፍሬሜ ይቀበለዋል።