ቤት ለገበያ ማሰናዳት፦ ኦንላይን ልማር ወይስ አዲስ አበባ ልሂድ?

ለሽያጭ ወይም ለኪራይ የቀረበ ቤትን አሰናድቶ ማሳየት አሜሪካ ውስጥ ከ1970ዎቹ ጀምሮ ራሱን የቻለ ሥራ ነው። ጎንደር ላይ ግን ገና ነው። ለጥምቀት እንግዳ ቤቱን የሚያከራይ ሰው ስላለ፣ ሥራው አይጠፋም።

የኦንላይኑ ኮርስ ጥሩነቱ ማታ ከሥራ መልስ መማር መቻሉ ነው፣ መብራት ካልሄደ። ክፍያው ብዙ ጊዜ በዶላር ነው። ትልቁ ችግር ግን ምሳሌው ሁሉ የፈረንጅ ሳሎን መሆኑ ነው። እዚህ ጎንደር ማራኪ በሚባለው ሰፈር ያለ ጠባብ ሳሎን ቡፌውና ረከቦቱ የት ይግቡ? ደግሞ የቤተሰብ ፎቶ ከግድግዳ ይውረድ ይላል። እማማን የልጅዎትን የምርቃት ፎቶ ያውርዱ የሚል ሰው ቀድሞ ሦስቱንም ስኒ ቡና ቢጠጣ ይሻለዋል።

አዲስ አበባ የሚሰጠው በአካል ነው፤ ቀለምና መብራት በእጅ እየነኩ፣ ስህተት ወዲያው እየታረመ። ግን ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ መንገድ አለ፣ የቤት ኪራይም አለ። በዚያ ላይ እዚያ የሚሰጠው የውስጥ ዲዛይን ኮርስ የሚያስተምረው ለነዋሪው ምርጫ ማስዋብን ነው። የእኛ ሥራ ዓይኑን የሚጥለው ገዢው ላይ ነው።

ሰርተፍኬት እዚያው አሜሪካ እንኳ ግዴታ አይደለም። ደንበኛ የሚጠይቀው የበፊትና የበኋላ ፎቶ ነው። እኔ ብሆን ርካሹን ኦንላይን ወስጄ፣ አዘዞ ያለችውን የአክስቴን ቤት መለማመጃ አደርጋለሁ።