ከመድረኩ ፊት የተቀመጥነው፦ በሁለት እሑዶች የገባሁባቸው ሁለት የቴአትር አዳራሾች

ለጥምቀት ወደ አዲስ አበባ ስመጣ፣ በአምስት ሳምንት ቆይታዬ ላደርጋቸው ካሰብኳቸው ነገሮች አንዱ ቴአትር ማየት ነበር። ለንደን ከገባሁ 17 ዓመት ሆኖኛል። በእነዚህ ዓመታት በአማርኛ የተሠራ ቴአትር ያየሁት ሁለት ጊዜ ብቻ ነው፤ ሁለቱንም ከሀገር ቤት የመጡ ተዋንያን በተከራዩት የስብሰባ አዳራሽ ውስጥ ነው ያየሁት። ስላረፍኩበት ሆቴል፣ ስለ ታክሲውና ስለ ባንኩ ብዙ የምለው የለኝም፤ ሁሉም በሚገባ አስተናግደውኛል። የምጽፈው ከፍዬ ስለገባሁባቸው ሁለት የቴአትር አዳራሾች፣ ከሁሉም በላይ በመጀመሪያው አዳራሽ ከመድረኩ ፊት ተቀምጠን እኛ ተመልካቾች ስላደረግነው ነገር ነው። የቤቱን ስም አልጠቅስም፤ ጉድለቱ በዚያ ቤት ብቻ ያለ አይመስለኝም።

ትኬቱን ከበሩ አጠገብ ካለው መስኮት ገዛሁ። ለአንድ ሰው 200 ብር ነበር፤ በቴሌብር ስለሚቀበሉ ሁሉም ነገር በአምስት ደቂቃ ውስጥ አለቀ። ትኬት ሻጯ ትሑት ናት፤ አብረውኝ የነበሩት አክስቴ ደረጃ መውጣት እንደሚከብዳቸው አይታ፣ ሳንጠይቃት ከመተላለፊያው ዳር ያሉትን ወንበሮች መረጠችልን። አዳራሹ ተጠርጓል፣ ወንበሮቹ ቢያረጁም አይቆረቁሩም፣ ከተቀመጥንበት ረድፍ መድረኩ ያለ ከልካይ ይታያል። መጸዳጃ ቤቱ ውሃ አልነበረውም።

ቴአትሩ በ8 ሰዓት እንደሚጀምር ትኬቱ ላይ ተጽፏል፤ የተጀመረው ግን 8፡25 ላይ ነው። መጋረጃው ሲከፈት ከአዳራሹ ግማሹ ገና ባዶ ነበር፤ ከዚያም በኋላ ለ40 ደቂቃ ያህል በሩ ተዘግቶ አልቆየም። በተከፈተ ቁጥር የውጭው ብርሃን እስከ መድረኩ ጠርዝ ድረስ ይዘረጋል፤ የሚገባው ሰው የስልኩን መብራት አብርቶ የወንበር ቁጥር ይፈልጋል፤ ቁጥሩን ሲያገኝ ቦታው ተይዞ ይደርስበታል፤ ከዚያ «ይሄ የእኔ ነው»፣ «ማንም የለም ብለውን ነው የተቀመጥነው» የሚል ክርክር ይከፈታል። አንዲት ተዋናይ በዚህ መሐል የቴአትሩን መነሻ የያዘውን ረጅም ንግግሯን ተናግራ ጨረሰች። በእኛ በኩል ከተቀመጠው ሰው ግማሹ እንኳ አልሰማትም፤ ከዕረፍት በኋላ ታሪኩ ለምን እንደተወሳሰበባቸው የሚጠያየቁ ሰዎች በዙሪያዬ የበዙት በዚህ ምክንያት ይመስለኛል።

አሁን የምነግራችሁ ቅጽበት ግን ከሁሉም ይበልጥ በልቤ ቀርቷል። እናቲቱ ከዓረብ ሀገር የተመለሰ ሻንጣ ደርሷት፣ ብቻዋን ከመድረኩ መሐል ተንበርክካ ትከፍተዋለች። ንግግር የለም፤ ሙዚቃም የለም። አንድ ቀሚስ ታወጣለች፣ ታጥፈዋለች፣ ከጎኗ ታስቀምጠዋለች፤ ቀጥላ አንድ ሻሽ። ሦስተኛውን ልብስ ለማውጣት እጇን ስትሰድ፣ ከእኔ ሁለት ወንበር አልፋ የተቀመጠች ሴት ስልክ ጮኸ። ሴትየዋ ስልኩን ከቦርሳዋ ለማግኘት ጊዜ ወሰደባት፤ ስታገኘውም አልዘጋችውም፣ አነሳችው። «ቴአትር ቤት ነኝ። አይ፣ ገና አላለቀም። ሥጋውን ከፍሪጅ አውጥተሽ ውሃ ውስጥ አድርጊው። ቁልፉ ከቴሌቪዥኑ ሥር ነው አልኩሽ እኮ።» ነጠላዋን ወደ አፏ ከልላ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋለች፤ ሌላው ሁሉ ጸጥ ስላለ ግን እያንዳንዱ ቃል እስከ መድረኩ ተሰማ። ተዋናይቱ እጇ ሻንጣው ውስጥ እንዳለ ቆመች። ቀና አላለችም፣ ወደ እኛም አልተመለከተችም፤ ጠበቀች ብቻ። ከዚያ አንዲት ትንሽ ሹራብ አወጣችና ቀጠለች። እኔ ግን የመጀመሪያዎቹን ሁለት ልብሶች ስታወጣ የተሰማኝን አላገኘሁትም፤ ወደ ቀኝ ዞሬ ሳይ አክስቴ ዓይናቸውን ጨፍነው ነበር።

«እህቴ፣ ይቅርታ፣ ውጭ ወጥተሽ ብታናግሪ» አልኳት። «ጨርሻለሁ፣ ጨርሻለሁ» አለችኝ፣ ተሸማቅቃ። ክፉ ሰው አልነበረችም። ቤት ውስጥ ቴሌቪዥን እያየን ስልክ ማንሳት ማንንም እንደማይጎዳ ሁሉ፣ እዚያም የምትጎዳው ሰው ያለ አልመሰላትም። የጉዳዩ ሥር ያለው እዚህ ነው ብዬ አምናለሁ። ከመድረኩ ላይ ያለችው ሴት እየሰማችን መሆኑን ረስተናል። ፊልም የሚሠራው ተዋናይ እኛ ስናወራ ሥራውን ጨርሶ ቤቱ ገብቷል፤ የመድረክ ተዋናይ ግን ሥራውን የሚሠራው እኛ በምንተነፍስበት አየር ውስጥ ነው፤ ዝምታችንን ሳይቀር እየሰማ ቀጣዩን ቃል መቼ እንደሚናገር የሚወስነው በእኛ ነው።

የስልክ መብራት ሌላው ነው። ዓይናችን ጨለማን ሙሉ በሙሉ ለመልመድ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ይፈጅበታል፤ አንድ ጊዜ በአጠገባችን የበራ ስልክ የለመደውን ያስረሳዋል። የመብራት ባለሙያው በልምምድ ቀናት ደክሞ ያስተካከለው ደብዘዝ ያለ የማታ ትዕይንት ከዚያ በኋላ ለእኛ ድፍን ጥቁር ነው። ለተዋናዩም ቢሆን አዳራሹ ጨለማ ሆኖ ሳለ ሰማያዊ ብርሃን ያረፈባቸው ፊቶች ብቻቸውን ጎልተው ይታዩታል፤ እነዚያም ፊቶች ወደ ታች ያቀረቀሩ ናቸው። ከፊታችን የነበሩ ሦስት ወጣቶች ደግሞ የታወቀው ተዋናይ በገባ ቁጥር ቪዲዮ ይቀርጹ ነበር፤ አንደኛው ፍላሹን ሳያጠፋ። የቀረጹት ያንኑ ማታ ቲክቶክ ላይ ወጥቶ ይሆናል፤ ለወራት የተለፋበት ቴአትር በጣም የሚያስቀው ቦታ ተቆርጦ በነጻ ሲዞር፣ 200 ብር ከፍሎ የሚመጣው ሰው የሚስቅበት ነገር አስቀድሞ ተወስዶበታል።

በዚህ ላይ የማልስማማበት ወቀሳም አለ፤ እሱንም መናገር አለብኝ። ከውጭ የምንመጣ ሰዎች የአዲስ አበባ ተመልካች ይጮኻል፣ ተዋናይ ሲገባ ያጨበጭባል፣ «ተው፣ አትመናት!» እያለ ከወንበሩ ይናገራል ብለን እናማርራለን። ይህ ነውር አይደለም። አዝማሪ ቤት ገብቶ ግጥም ሳይሰጥ፣ ሳይቀበል፣ ድንጋይ ሆኖ የሚቀመጥ ሰው ነው ያልተማረው። የሀገር ፍቅር ማኅበር በ1927 ዓ.ም. የጣሊያን ወረራ ሲያንዣብብ የተቋቋመው በንግግርና በዘፈን የሕዝቡን ስሜት ለማነሳሳት ነበር፤ ሰውን ለማነሳሳት የተጀመረ መድረክ ተመልካቹ አፉን ይዞ እንዲቀመጥ ሊጠብቅ አይችልም። በዚያ እሑድም ባልየው የተደበቀውን ደብዳቤ ሲያገኝ ከኋላ አንድ ጎልማሳ «እሰይ!» ሲል ተዋናዩ በዚያ ድምፅ ተደግፎ ቀጣዩን መስመር ከፍ አድርጎ ሲናገር አይቻለሁ። እንዲህ የሚናገር ሰው መድረኩን እያየ ነው። እኔ የምወቅሰው ጀርባውን የሰጠውን ነው።

በመሐል የምጠራጠርበት አንድ ነገር ግን ቀርቶኛል። ባልየው ሚስቱን ሲመታት አዳራሹ ውስጥ ሳቅ ተነሣ፤ ከሁለትና ከሦስት ቦታ ሳይሆን ከብዙ ቦታ። አክስቴ ሰው ሲያፍርም ይስቃል ይላሉ፤ እውነት ሊሆን ይችላል። እኔ ግን ከጎኔ የነበሩትን ፊቶች አይቻለሁ፤ ኀፍረት አላየሁባቸውም። ተዋናይቱ ከወለሉ ስትነሣ ያንን ሳቅ ሰምታ ነው የተነሣችው፤ ስለ እሷ ሳስብ እስካሁን ይከብደኛል።

አክስቴ ጡረታ የወጡ መምህርት ናቸው፤ በሥራ ዘመናቸው ተማሪዎቻቸውን ወደ ብሔራዊ ቴአትር ይወስዱ ነበር። ያ አዳራሽ በ1948 ዓ.ም. ለንጉሠ ነገሥቱ የዘውድ 25ኛ ዓመት በዓል ከተከፈተ ጀምሮ ስንቱን ትውልድ እንዳስተናገደ ሲያወሩ ይረዝምባቸዋል። ከመግባታቸው በፊት ተማሪዎቹን ከድንጋዩ አንበሳ አጠገብ ሰብስበው ሁለት ነገር ብቻ ይነግሯቸው እንደነበር አጫወቱኝ፤ ሰው ሲናገር አትናገሩ፣ ተዋንያኑ ሰግደው ሳይጨርሱ አትነሡ። ዘመናዊ ቴአትር በሀገራችን ሲጀመር ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም በ1913 ዓ.ም. አካባቢ የአውሬዎችን ተረት ይዘው ሲቀርቡ፣ ቤተ መንግሥቱ ሥራውን ያገደው አውሬዎቹ እነማን እንደሆኑ ተመልካቾቹ ስለገባቸው ነው። የመጀመሪያው ተመልካቻችን አንድም ቃል ሳያመልጠው ሰምቷል። ልማዱ ስለሌለን ነው የሚለውን ምክንያት የማልቀበለው ለዚህ ነው።

«ውጭ ሀገር እኮ እንዲህ አይደረግም» ለሚሉኝም እውነቱን መናገር ይገባኛል። በሚያዝያ 2023 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ማንቸስተር ከተማ ውስጥ በዊትኒ ሂውስተን ዘፈኖች በተሠራ የሙዚቃ ድራማ ላይ፣ ከተመልካቾች መካከል አንዳንዶቹ የመጨረሻውን ዘፈን ከተዋናይቱ በላይ እየጮኹ በመዝፈናቸው ትርዒቱ ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው ተቋርጦ፣ ፖሊስ መጥቶ ሰዎች አስወጥቷል። እዚያም ያለው ችግር ይኸው ነው። ልዩነቱ ቤቶቹ የሚሠሩት ሥራ ነው፤ በሩ ሲጀመር ይዘጋል፣ የዘገየ ሰው አመቺ ቦታ እስኪመጣ ውጭ ይጠብቃል፣ አስተናባሪዎች በየመተላለፊያው ቆመው ስልክ ያበራን ሰው ጎንበስ ብለው ያሳስባሉ።

በመጀመሪያው ቤት ይህ አገልግሎት አልነበረም። ከመጀመሩ በፊት ስልክ ዝጉ የሚል ማስታወቂያ አልተነገረም፤ አስተናባሪዎቹ ትኬት ከቀደዱ በኋላ ከአዳራሹ ውጭ ቆመው ያወሩ ነበር። በዕረፍት ሰዓት አንዱን ጠርቼ በትሕትና ነገርኩት። «ምን እናድርግ ጋሼ፣ ስንናገራቸው ይቆጡናል። ተመልካችም እንዲቀርብን አንፈልግም» አለኝ። ስጋቱ ይገባኛል፤ በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት አዳራሾች ተዘግተው ከቆዩ ወዲህ ብዙ ሰው ቤቱ ተቀምጦ በስልኩ ማየትን ለምዷል። ሆኖም ጮክ ብሎ የሚያወራውን አንድ ሰው ላለማስቀየም ሲባል በዙሪያው ያሉ 20 ሰዎች ተቀይመው ይሄዳሉ፤ እነሱ ደግሞ ሳይናገሩ ነው የሚቀሩት። እኔ ወደዚያ ቤት ተመልሼ ለመሄድ አልደፈርኩም።

በሚቀጥለው እሑድ የገባንበት ሁለተኛው ቤት አነስ ያለ ነው፤ ወንበሮቹም ከመጀመሪያው የባሱ ናቸው። ትኬቱ በእጅ የተጻፈ ነበር። መብራቱ ከመጥፋቱ በፊት ግን አዘጋጁ ራሱ ወጥቶ፣ ልብሱ ገና የልምምድ ልብስ ሆኖ፣ ተዋንያኑ ለዚህ ሥራ ሦስት ወር እንደደከሙ ነገረንና ስልካችንን አሁኑኑ፣ እሱ እዚያው ቆሞ እያለ፣ እንድንዘጋ ለመነን። ስልኮች ሲዘጉ የሚያሰሙት ድምፅ ከየረድፉ ተሰማ፤ ሰው ሳቀ፤ ከዚያ ጸጥ አለ። በሩን የሚጠብቁት አንድ ሸምገል ያሉ ሰው ነበሩ። ዘግይተው የመጡ ባልና ሚስት ሲገቡ ከበሩ ውስጥ መጋረጃ ጀርባ አቁመዋቸው፣ ትዕይንቱ ተቀይሮ መብራት ሲጠፋ በእጃቸው በሸፈኑት ትንሽ ባትሪ እግር እግራቸውን እያበሩ አስቀመጧቸው። ባልና ሚስቱ አልተቆጡም። በሁለት ሰዓት ውስጥ የጮኸ ስልክ አንድ ብቻ ነው፤ ባለቤቱም ደንግጦ ወዲያው ዘጋው። በዚያ ቀን ሰው እንደ ልቡ ሳቀ፣ «ወይኔ!» አለ፣ አንዲት እናት ከፊት ረድፍ ድምፅ አውጥታ አለቀሰች፤ ከመድረኩ የመጣ አንድም ቃል ግን አልጠፋብኝም። አክስቴ ከዓመታት በፊት ተማሪ ይዘው ሲገቡ እንደሚያደርጉት እጃቸውን ጭናቸው ላይ አጣምረው እስከ መጨረሻው ተቀመጡ።

በመጀመሪያው ቤት ተዋንያኑ ተያይዘው ሲሰግዱ ከአዳራሹ አብዛኛው ሰው የታክሲ ሰልፍ ለመቅደም ጀርባውን ሰጥቶ ወደ በሩ ይጋፋ ነበር፤ የሻንጣዋ እናት ለሚወጡ ጀርባዎች ጎንበስ ስትል አይቻለሁ። በሁለተኛውም ቤት መብራቱ ሲበራ አንድ ወጣት ጃኬቱን አንጠልጥሎ ወደ በሩ ፈጠን ብሎ ሄደ። ሽማግሌው አስተናባሪ እጃቸውን ከበሩ እጀታ ላይ ሳያነሡ፣ «ጌታዬ፣ ሰላምታቸውን ይጨርሱ» አሉት። ወጣቱ ቆመ፤ ወደ መድረኩ ዞረና ጃኬቱን ከክንዱ ሥር አድርጎ አጨበጨበ።