የማይዝገው ዱልዱም፦ ትልቁን ሰንጢ ለወራት ከያዝሁ በኋላ

አይዝግም። ይህን እመሰክርለታለሁ። ክረምቱን ሙሉ፣ ጎንደር ላይ ልብስ እንኳ በቅጡ በማይደርቅበት ወቅት ኪሴ ውስጥ ከርሞ፣ ሎሚም ጨውም ነክቶት፣ ስለቱ ላይ አንዲት ነጠብጣብ አልወጣችበትም። የሚያናድደኝ ሌላ ነገር ነው። በተሳለ ማግስት ፂም ይላጫል፤ አንድ ሙዳ ሥጋ ሳያልቅ ግን ይዶለዱማል። ጅማት ሲያገኝማ ያሻል እንጂ አይቆርጥም።

ፒያሳ የሸጠልኝ ነጋዴ «ጋሼ፣ ይህ እኮ እስቴንለስ ነው፤ ሞረድ የሚባል ነገር አያስፈልገውም» ብሎኝ ነበር። እስቴንለስነት ከስለት ጋር ምን አገናኘው? ብረትን ከዝገት የሚጠብቀው ክሮሚየም ነው። ቢያንስ 10.5 በመቶ ያህል ሲገባበት ላዩ ላይ በዓይን የማይታይ ስስ ሽፋን ያበጃል፤ ቢጫርም ሽፋኑ መልሶ ራሱን ይተካል። ስለት የሚያቆየው ግን በዋናነት ካርቦኑና ብረቱ በእሳትና በውኃ ያለፈበት መንገድ ነው። በርካሽ ቢላዋዎች ላይ የሚገባው 420 የሚባለው ብረት ካርቦኑ አብዛኛውን ጊዜ ከ0.4 በመቶ አይበልጥም። 440ሲ የሚባለው ደግሞ 1 በመቶ ገደማ ካርቦን ከ16 እስከ 18 በመቶ ከሚደርስ ክሮሚየም ጋር ይዟል። ሁለቱም እስቴንለስ ተብለው ይሸጣሉ። የእኔ ሰንጢ ላይ «የማይዝግ» ከሚለው ሌላ ምንም አልተጻፈም። ነጋዴው ዛሬም ብጠይቀው «ሁሉም አንድ ነው» ይለኝ ይሆናል። አንድ አይደለም!

ቤቴ ያለው ሌላኛው ከመኪና ባሌስትራ የተቀጠቀጠ ካራ ነው። የባሌስትራ ካርቦን 0.6 በመቶ አካባቢ ነው፤ ክሮሚየሙ ከዝገት ለመከላከል አይበቃም። ስለዚህ ይዝጋል። ሎሚ ቆርጠህበት ሳትወለውለው ምሳ ብትበላ ጠቁሮ ይጠብቅሃል። በቆዳ ሰገባው ውስጥም አላሳድረውም፤ ቆዳ እርጥበት ይይዛል። ዘይት መቀባቱ ግድ ነው። ይህን ሁሉ እችልለታለሁ፤ በግ አርዶ፣ ገፍፎ፣ ሥጋውን ቆራርጦ ከጨረሰ በኋላ አሁንም ወረቀት ይሰነጥቃልና። ጎንደር አጠገብ ያለችው ወለቃ ላይ የቤተ እስራኤል ቀጥቃጮች ለዚህ አካባቢ ገበሬ ማረሻና ማጭድ ሲሠሩ ኖረዋል። ብረት ውኃ ማጠጣት ምን እንደሆነ ለጎንደር ሰው ማስረዳት አያስፈልግም፤ ለዚህም ነው የነጋዴው ወሬ የከነከነኝ።

ለጉዞ ጊዜ ሰንጢው አይጠላም። የሰሜን ተራሮች ላይ ያለው የሳንቃበር ሰፈር ከ3,200 ሜትር በላይ ነው፤ በዚያ ብርድ ጣት ደንዝዞ እንኳ በአንድ እጅ ይከፈታል፤ መቆለፊያውም አልላላም። ገመድና ዳቦ ቆርጧል። ከዚህ በላይ የምለው የለኝም።

አሁን ስለቱን በየጎኑ ወደ 25 ዲግሪ ሰፋ አድርጌ እስለዋለሁ። ለስላሳ ብረት ቀጭን ስለት ስለማይችል እንዲህ ሲሆን ትንሽ ይቆያል፤ ሹልነቱ ግን ይቀንሳል። ቁርጥ ወደሚበላበት ቤት ስሄድ የምይዘው ካራውን ነው። አዲስ ሰንጢ የሚገዛ ሰው ስለ ዝገት ከመጠየቁ በፊት የብረቱን ቁጥር ይጠይቅ። እኔ ቁጥሩ ያልተጻፈበትን በግማሽ ዋጋም አልወስድም።