ሲጋራ መለኮሻ ላይ የምትሰካዋ ቮልት ሜትር፦ ከወራት በኋላ

ይህቺን ዕቃ የገዛኋት ባለፈው ክረምት ነው። ሲጋራ መለኮሻው ላይ ትሰካለች፣ የመኪናውን ቮልት በቀይ ቁጥር ታሳያለች፣ ከጎኗ ሁለት የስልክ ቻርጅ ማድረጊያ አላት። ዋጋዋ ጥቂት መቶ ብር ነው። የማን ስሪት እንደሆነች ካርቶኑ ላይ አልተጻፈም። ሶማሌ ተራም ሂዱ የስልክ ዕቃ ሱቅ፣ ያው እሷኑ ነው የሚያወጡላችሁ። መኪናዬ የ2004 ሞዴል ኮሮላ ናት።

ቮልት ማየት ምን ያደርጋል? ዳሽቦርድ ላይ የባትሪ ምስል ያለው ቀይ መብራት ሲበራ ሰው ሁሉ «ባትሪ ቀይር» ይላል። መብራቱ ግን የሚያወራው ስለ ቻርጅ ነው። ወይ ዲናሞው (ሞተሩ እያዞረው ኤሌክትሪክ የሚሰጠው ዕቃ) አያመነጭም፣ ወይ ያመነጨው ባትሪው ጋ አይደርስም። ባትሪያችሁ ሞቶ ዲናሞው ደህና ከሆነ መብራቱ ጭራሽ ላይበራ ይችላል። ቁልፍ ስታዞሩ በርቶ፣ ሞተር ሲነሳ መጥፋት አለበት። ቁልፍ ሲዞር ካልበራ ደግሞ አምፖሉን ወይም ሽቦውን አስፈትሹ።

ቁጥሮቹ ቶሎ ይለመዳሉ። ሞተር ጠፍቶ መኪናው ጥቂት ሰዓት ካረፈ፣ 12.6 ሙሉ ባትሪ ነው። 12.2 ግማሽ ገደማ፣ 12 ሊያልቅ የተቃረበ በሉት። ሞተር ሲሰራ ከ13.8 እስከ 14.5 ድረስ ጤና ነው። ከ15 ካለፈ የዲናሞውን ቮልት የሚገድበው ሬጉሌተር ልጓሙን ለቋል፤ ባትሪው ይፈላል፣ አምፖል ይቃጠላል።

ዕቃዋ ዋጋዋን የከፈለችኝ ጥር ላይ ነው። ኮብልስቶን ላይ ስነዳ 13.9 የነበረው ቁጥር ድንገት 12.1 ይሆንና ይመለሳል። ቀዩ መብራት ገና ምንም አላለም። ቆይቶ ማታ ማታ፣ የፊት መብራትና ማራገቢያ በርቶ ሞተሩ በሚኒሞ ሲሆን (ነዳጅ ሳይረገጥ ዝግ ብሎ ሲሰራ)፣ እሱም ደብዘዝ ብሎ ብልጭ ማለት ጀመረ። አንድ ጋራዥ ባትሪ ሊሸጥልኝ ፈለገ፣ ሌላው ሙሉ ዲናሞ። ሁለቱም ኮፈን እንኳ አልከፈቱም!

ችግሩ ዲናሞውን የሚያዞረው ቺንጋ (ቀበቶ) ቢሆን ሲያንሸራትት ይጮህ ነበር፤ ያውም ዝናብ ሲነካው ወይም ጭነት ሲበዛበት እንጂ መንገድ ስለጎረበጠ አይደለም። የባትሪውን ማሰሪያዎች፣ መጀመሪያ ኔጌቲቩን፣ ፈትቼ ዝገቱን አጸዳሁ። ለውጥ የለም። ከዚያ ሞተሩ እየሰራ፣ መብራቱን አብርቼ፣ በቴስተር (በእጅ የሚያዝ ቮልት መለኪያ) ከዲናሞው ወፍራም ሽቦ መነሻ እስከ ባትሪው ፖዘቲቭ ለካሁ። መንገድ ላይ የሚጠፋው 0.1 ቮልት ብቻ ነው። ከ0.3 ቢበልጥ ኖሮ ሽቦውን እጠረጥር ነበር። እንግዲህ ጉዱ ያለው ዲናሞው ውስጥ ነው ማለት ነው። የሰፈራችን ኤሌክትሪሽያን ፈትቶ አሳየኝ፤ ውስጡ ለሚሽከረከረው ክፍል ኤሌክትሪክ የሚያቀብሉት ካርቦኖች አልቀው ቁራጭ ቀርቷል። መኪናው በተንገጫገጨ ቁጥር ግንኙነታቸው ይቋረጣል። ካርቦን ብቻ ተቀየረ። ዲናሞው ያው የድሮው ነው፣ ቁጥሩም ከዚያ ወዲህ 14 አካባቢ ቆሟል።

በነገራችን ላይ፣ ሞተር እየሰራ የባትሪ ማሰሪያ ነቅለው «ካልጠፋ ዲናሞው ደህና ነው» የሚሉ መካኒኮች አሁንም አሉ። መኪናችሁን አታስነኳቸው። በዚያች ቅጽበት ቮልቱ ሊዘልና የዲናሞውን ዳዮድ ወይም የመኪናውን ኮምፒውተር ሊገድል ይችላል።

ድክመቷስ? ባትሪው ላይ በቴስተር ከሚለካው 0.2 ያህል ዝቅ አድርጋ ታሳያለች። ጥፋቱ የሷ ብቻ አይመስለኝም፤ እስከ መለኮሻው ያለው ሽቦም የራሱን ይበላል። እኔ ቁጥሩን ሳይሆን ለውጡን ነው የማየው። ትልቁ ጉድለት ሌላ ነው። ሞተር በምታስነሱበት ሰዓት መኪናው መለኮሻውን ስለሚያቋርጠው እሷም ትጠፋለች። ባትሪ የሚፈተነው ደግሞ ያኔ ነው፤ ሞተሩን የሚያስነሳው ሞተሪኖ ሲያዞር ከ9.6 በታች ከወረደ ባትሪው ደክሟል። ይህን ለማየት ቴስተር ያስፈልጋል፣ ሌላ መላ የለም። ማታ ቁጥሩ ዓይን ስለሚወጋ ጥቁር ፕላስተር ለጥፌበታለሁ። ስልክ ቻርጅ ስታደርግ ቀርፋፋ ናት። መንገዱ ሲብስ ደግሞ ከቀዳዳው ትላወሳለች።

ቀዩ መብራት መንገድ ላይ ቢበራባችሁ መጀመሪያ የሙቀት መለኪያውን እዩ። በእኔ ኮሮላ የውሃ ፓምፑንም፣ የመሪውን ፓምፕም የሚያዞረው ያው የዲናሞው ቺንጋ ነው። መሪው ድንገት ከከበደ ቺንጋው ተበጥሶ ይሆናል፤ ወዲያው ቁሙ፣ አለበለዚያ ሞተሩ ይቃጠላል። ቺንጋው ካለ ግን ኤሲውንና ሬዲዮውን ዘግታችሁ፣ ሞተር ሳታጠፉ ቅርብ ወዳለ ጋራዥ ሂዱ።

አዲስ መኪና ያላችሁ ባትገዟት ይሻላል። ብዙዎቹ ነዳጅ ለመቆጠብ ሲሉ ኮምፒውተሩ ቻርጁን ከፍ ዝቅ ያደርገዋል፤ ቁጥሩ ወደ 12 ቢወርድም ምንም አልተበላሸም፣ በከንቱ ትደነግጣላችሁ። የኤሌክትሪክ መኪና ያላችሁም «እኛን አይመለከትም» አትበሉ። እዚያም ውስጥ 12 ቮልት ባትሪ አለ፤ ዲናሞ ስለሌለው ቻርጅ የሚያደርገው የትልቁን ባትሪ ቮልት ዝቅ አድርጎ የሚሰጥ መሣሪያ ነው። ትንሹ ባትሪ ከሞተ ትልቁ ሙሉ ቢሆንም መኪናው ላይነሳ ይችላል።

ለእንደኔ ዓይነት አሮጌ ኮሮላ ግን ብትጠፋ ነገውኑ ሌላ እገዛለሁ። ቴስተሩም ኪስ ውስጥ ይቆያል።