ፓራውልቱ ደህና ነው፣ ጣጣው መያዣው ላይ ነው

ኦሪጅናል ያልሆነ የቶዮታ ቪትዝ የፊት ፓራውልት (ከመብራቶቹ ሥር ያለውን የፕላስቲክ መከላከያ) ገዝቶ ግቢው ውስጥ ሊገጥም ላሰበ ሰው ስለ ዋጋውም ስለ ቀለሙም ከማውራቴ በፊት አንድ ቦታ አሳየዋለሁ፦ ፓራውልቱ ከፓራፋንጎው (ከፊት ጎማው በላይ ካለው የጎን ላሜራ) ጋር የሚገናኝባትን ማዕዘን። የእኔ መኪና የግራው ማዕዘን ክረምቱ ሳይወጣ አፉን ከፈተ፤ አሁን ትንሿ ጣት ትገባበታለች። ቀኙ ግን እንደተገጠመ አለ።

ማዕዘኑን የሚይዘው ብሎን ብቻ አይደለም። በብዙ ቶዮታ ላይ ከፓራፋንጎው ጠርዝ ጀርባ የታሰረ ጥቁር የፕላስቲክ መያዣ አለ፤ የዕቃ ቁጥሩ ለቀኝ በ52115፣ ለግራ በ52116 ይጀምራል። መያዣው ጥርስ አለው፣ የፓራውልቱ ጠርዝ ደግሞ ጥርሱ የሚገባበት ቀዳዳ፤ ገፋ ሲደረግ ቀጭ ብሎ ይነክሳል። መኪናው በዚያ ጎን አንዴ ከተነካ ጥርሱ ይላጫል። በዚያ ላይ የእኔው ፓራውልት ጠርዙ ከወጣው ኦሪጅናል ይሳሳል። የተላጨ ጥርስና የሳሳ ጠርዝ ተገናኝተው የጎንደርን ዳገት ቁልቁለትና የኮብልስቶኑን ንቅናቄ ከየት አባታቸው ይችሉታል?

ሻጩ ምን እንደሚል አውቀዋለሁ። «ጋሼ፣ የድሮው መያዣ ይሠራል፣ ለምን ገንዘብ ያወጣሉ?» አይሠራም። «ትንሽ ገፋ ሲያደርጉት ይገባልኮ!» መግባቱማ ይገባል፤ ከፒያሳ አዘዞ ደርሶ ሲመለስ ነው የሚታየው። ፓራውልቱን የሸጠ ሰው ሁለቱን መያዣዎች አብሮ ካላቀረበ ግማሽ ዕቃ ነው የሸጠው።

አወላለቁ አያስቸግርም። ኮፈኑን ከፍቶ ከላይ ያሉትን ክሊፖች መሃላቸውን በጠፍጣፋ ካቻቪቴ ብድግ ማድረግና መንቀል፤ መሪውን ጠምዝዞ በጎማው ቤት በኩል ያለውን ብሎን መፍታት፤ ከሥር ያሉትን በ10 ቁልፍ ማውጣት። የጭጋግ መብራት ካለው ሞተሩ ጠፍቶ ሶኬቱ ይነቀላል። ማዕዘኑ የሚሳበው ወደ ጎን፣ ወደ ውጭ ነው። ወደ ፊት የሚጎትት ሰው ጥርሱን በገዛ እጁ ይላጨዋል። ረዳት ያስፈልጋል፣ ያለዚያ አንዱ ጫፍ ሲወጣ ሌላው መሬት ይመታል። የድሮ ክሊፕ በፀሐይ ደርቆ ስለሚሰበር አሥር ያህል ትርፍ መያዝ ነው።

ትልቁ ነገር፦ ሳይቀባ መለካት። ጥሬውን ፓራውልት በአዲስ መያዣ ገጥሞ ከኮፈኑም ከፓራፋንጎውም ጋር ያለው ክፍተት ወጥ መሆኑን ማየት ያስፈልጋል። ማዕዘኑ ጠመም ካለ የፈላ ውሃ ቀስ እያሉ ማፍሰስ፣ ሲለሰልስ ቅርጹን አስይዞ ቀዝቃዛ ውሃ መድፋት። አይቀልጥም ወይ ለሚል፣ ጎንደር ላይ ውሃ የሚፈላው 93 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው፤ ፓራውልቱ የሚሠራበት ፕላስቲክ፣ ፖሊፕሮፒሊን (ፒፒ)፣ የሚቀልጠው ደግሞ 160 አካባቢ። አንዴ ከተቀባ በኋላ ግን ይህ አይሞከርም።

ቀለሙን በተመለከተ ብዙ የምለው የለም። ከጀርባው የፒፒ ምልክት ያለው ፕላስቲክ ቀለም በቀላሉ አይቀበልም፤ በሳሙና በደንብ ታጥቦ፣ በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት ተሻሽቶ፣ የፕላስቲክ ፕራይመር ካልተቀባ እንደ ሽንኩርት ይላጣል። የላሜራ ስቱኮም (ጉድጓድ መሙያው) አይሆነውም፣ ፓራውልት ሲተጣጠፍ ይሰነጠቃል። የእኔው በአግባቡ ስለተሠራ እስካሁን አልተላጠም።

ተቆጭተሃል ወይ ላለኝ፣ በቀኝ በኩል ስቆም አልቆጭም፤ በግራ በኩል ግን ሻጩን ማግኘት ያምረኛል።

ጋራዥ ሲወሰድ የሚቀርበው መፍትሔ ያው አንድ ነው፦ «ማዕዘኑን በስቶ በብሎን ማሰር።» ይህን እሺ ማለት አይገባም። ፕላስቲኩ በብሎኑ ዙሪያ ይቀደዳል፣ የተበሳው ፓራፋንጎ ደግሞ በክረምት ዝናብ ዝገት ይጀምራል። ቀድሞ የተበሳ ከሆነ የቀዳዳው ጠርዝ ተፍቆ ፕራይመርና ቀለም ይቀባ። ከዚያ አዲሱን መያዣ መትከል ነው፤ ለዚህ ደግሞ ፓራውልቱን ሙሉ በሙሉ ማውረድ ላያስፈልግ ይችላል። የዚያን ጎን የላይ ክሊፖችና የጎማ ቤቱን ብሎን ፈትቶ ማዕዘኑን ገለጥ ማድረግ ብዙ ጊዜ ይበቃል።